«የወፍ በሽታ» ከወዴት ይመጣል? በምግብ ስለሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች ታሪክ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ሲጠቁር፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ጉልበቱ ሲከዳው፣ የአገራችን ሰው በሽታውን «የወፍ በሽታ» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ የመጣው የሌሊት ወፍ በጨለማ ስትበር ሽንቷ በሰው ላይ ቢያርፍ ያ ሰው ቢጫ ይሆናል ከሚለው የቈየ እምነት ነው። አባቶቻችን ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሽታው የሚመጣው ሳይታሰብ ነው፤ ያመጣውንም ነገር ያየ ሰው የለም። ያልታየ ነገር ሁሉ ደግሞ በሌሊት ከሚበር ፍጡር ጋር ቢያያዝ አያስደንቅም።

ነገር ግን የበሽታው መንገድ ከተገለጠ እነሆ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። መንገዱም ከቤት ጣራ በላይ ሳይሆን ከገበታችን ላይ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው እንግዲህ በምግብና በመጠጥ ውሃ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፉት ቫይረሶች ነው፤ ይኸውም ሊቃውንት እንዴት እንደደረሱባቸው፣ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሱና ይህ ታሪክ በመሥሪያ ቤትና በከተማ ለምንኖር ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጠን ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የሌሊቷን ወፍ የከሰስን እኛ ብቻ እንዳልነበርን ማወቅ ይገባል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሩዶልፍ ቪርሖ የተባለው ዝነኛው የጀርመን ሐኪም ይህ ቢጫ የሚያደርግ በሽታ የሚመጣው ከጉበት ሐሞት የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ በንፍጥ መሰል ነገር ስለሚደፈን ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞችም ለብዙ ጊዜ ይህን ትምህርት ተከትለዋል። ነገር ግን የጦር አዛዦች ከሐኪሞቹ ይልቅ አንድ ነገር ልብ ብለው ነበር፤ በሽታው ወታደር በሰፈረበት፣ የመጸዳጃ ቦታውና የማድ ቤቱ በተቀራረበበት ስፍራ ሁሉ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በዚህ በሽታ የተያዙት ወታደሮች በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ነበሩ። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት እንዲሁ ሆነ። የሐሞት ቧንቧ መደፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት አንድ ሙሉ ሰፈር ባንድ ጊዜ ሊደፈን ይችላል? ጥያቄው መልስ ይፈልግ ነበር።

መልሱ የጀመረው ከትምባሆ ቅጠል ነው ቢባል ያስገርማል። በ1892 ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ፣ ጭማቂውን ባክቴሪያ ሊያልፍበት በማይችል የሸክላ ማጣሪያ አጠለለው። የጠለለው ጭማቂ ንጹሕ መስሎ ሳለ ጤነኛውን ቅጠል አሳመመ። በ1898 ማርቲኑስ ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ይህንኑ ደግሞ መርምሮ፣ ከባክቴሪያ እጅግ የሚያንስ፣ በሕያው ነገር ውስጥ ብቻ የሚራባ አንድ ነገር መኖሩን አስረዳ፤ «ቫይረስ» ብሎም ጠራው። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ከብቶችን የሚጐዳው የአፍና የእግር በሽታ እንዲሁ በቫይረስ እንደሚመጣ ታወቀ። ከዚህ በኋላ ሊቃውንት ማጣሪያ የሚያልፈውን ይህን የማይታይ ጠላት በሰውም በሽታ ውስጥ መፈለግ ጀመሩ።

እዚህ ላይ በባክቴሪያና በቫይረስ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የንግግራችን ሁሉ ቍልፍ ይህ ነውና። ባክቴሪያ በራሱ የሚኖርና በምግብም ላይ የሚራባ ፍጡር ነው። ወጥ ሲያድር የሚሻግተው፣ ወተት የሚበላሸው፣ ሥጋ የሚሸተው ባክቴሪያና ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት ስለተራቡበት ነው። ስለዚህ አፍንጫችን ብዙ ጊዜ ያስጠነቅቀናል። ቫይረስ ግን በምግብ ላይ አይራባም። በምግቡ ላይ ተቀምጦ የሚበላውን ሰው ይጠብቃል እንጂ ሌላ አንዳች ነገር አያደርግም። ምግቡን አያሻግተውም፤ አያሸተውም፤ ጣዕሙን አይለውጠውም። የሚራባው በሰው አንጀትና ጉበት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያም ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ወይም ትውከት ጋር ወጥቶ፣ በእጅ፣ በውሃ ወይም በአትክልት ላይ ተጭኖ ወደ ሌላ ሰው አፍ ይመለሳል። ምግቡ ትኵስና ያማረ መሆኑ እንግዲህ ከቫይረስ ነጻ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆችን ሽባ የሚያደርገው የፖሊዮ ቫይረስ ባልፈላ ወተት አማካይነት እንደተላለፈ የሚያሳዩ ወረርሽኞች ተመዝግበዋል። በምግብ ስለሚተላለፍ ቫይረስ ከተጻፉት ማስረጃዎች ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው። ወተትን በሙቀት ማምከን በየከተማው ሲለመድ ግን በወተት የሚመጣው ፖሊዮ ከታሪክ ገጽ ጠፋ። ቫይረሱን በዓይኑ ያየ ሰው ገና አልነበረም፤ ክትባቱም አልተሠራም ነበር። ሆኖም እሳት አስቀድሞ ሥራውን ሠራ። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ወፍ በሽታችን ስንመለስ፣ በ1947 ማካለም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የጉበቱን በሽታ ለሁለት ከፈለው። በአፍ የሚገባውን «ሄፓታይተስ ኤ»፣ በደም የሚተላለፈውን «ሄፓታይተስ ቢ» ብሎ ሰየማቸው። ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ ላይ በስዊድን አገር 629 ሰዎች ቢጫ ሆነው ታመሙ። ሁሉም የበሉት አንድ ዓይነት ምግብ ነበር፤ ይኸውም ኦይስተር የሚባል፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ባለጸጎች ሳይበስል የሚመገቡት የባሕር እንስሳ ነው። ይህ እንስሳ የሚኖረው ቀኑን ሙሉ የባሕር ውሃ ወደ ውስጡ እየሳበና እያጣራ ነው። የከተማ ፍሳሽ በሚደርስበት ባሕር ውስጥ ከተቀመጠ በውሃው ውስጥ የተበተነውን ቫይረስ በሆድ ዕቃው ያከማቻል። ማዕዱ የተከበረ ነበር፤ እንግዶቹም የተከበሩ ነበሩ። በገበታው ላይ የቀረበው ግን በስውር የከተማው ፍሳሽ ነበር።

በዚያው ክረምት በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ ከዚህ እጅግ የከፋ ነገር ሆነ። በ1955 ከደረሰው ታላቅ ጐርፍ በኋላ የያሙና ወንዝ አካሄዱን ለወጠ፤ የከተማውም የፍሳሽ ቦይ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጠጥ ውሃ ወደሚቀዳበት ስፍራ ደረሰ። መሐንዲሶቹ አደጋውን አውቀው የክሎሪኑን መጠን ጨመሩ። በእርግጥም ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ገደለ፤ ታይፎይድም ሆነ ሌላ የተፈራው በሽታ አልተነሣም። ከተማው እፎይ ሊል ሲል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 29 ሺሕ ያህል ሰው ቢጫ ሆኖ ታመመ። ለነፍሰ ጡር ሴቶችም በሽታው በተለይ የከፋ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመታት ሄፓታይተስ ኤ ነው ሲባል ቈይቶ፣ በ1980 ተጠብቆ የኖረው የሕመምተኞቹ ደም እንደገና ሲመረመር ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ያን ሌላ በሽታ የገለጠው ሰው ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። ሚካኤል ባላያን የተባለ የሶቪየት የቫይረስ ሊቅ፣ በአፍጋኒስታን በነበሩት ወታደሮች መካከል የተነሣውን የጉበት በሽታ ሲመረምር፣ ከዘጠኝ ሕመምተኞች ዓይነ ምድር የተዘጋጀውን ፈሳሽ ራሱ ጠጣ። ቀደም ብሎ ሄፓታይተስ ኤን ታሞ የዳነ ስለነበረ በዚያ በሽታ ዳግመኛ እንደማይያዝ ያውቅ ነበር። በ36ኛው ቀን ግን ክፉኛ ታመመ። ከራሱ ዓይነ ምድር ውስጥም አዲሱን ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ይህን በ1983 ለዓለም አስታወቀ፤ ቫይረሱም ኋላ «ሄፓታይተስ ኢ» ተባለ።

ይህ ቫይረስ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1988 እና በ1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ ወታደሮች መካከል ተነሥቶ፣ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው መርምረው ለዓለም ሊቃውንት አስታውቀዋል። በ2014ም ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በተጠለሉበት በጋምቤላ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰዎች በዚሁ ሳይያዙ እንዳልቀረ ተመዝግቧል። በሦስተኛው የእርግዝና ወቅት ያለችን ሴት ሲይዛት ከአራትና ከአምስት አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል። እንግዲህ «የወፍ በሽታ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል» እያሉ ነፍሰ ጡርን በቤት ማቈየት እንዴት ያለ አደጋ እንደሆነ አስቡ።

ቫይረሶቹ ሁሉ ግን ጉበትን የሚያጠቁ አይደሉም። በ1929 ጆን ዛሆርስኪ የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በብርድ ወራት ድንገት የሚነሣ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ፣ በሁለትና በሦስት ቀን የሚለቅ በሽታ መኖሩን ጽፎ ነበር። ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በጥቅምት ወር 1968 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ኖርዎክ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ ግማሽ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ በዚህ በሽታ ወደቁ። ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ በሽታውም አብሮ ሄደ፤ ከቤተ ሰቦቻቸውም ሲሶ ያህሉ ታመመ። ባክቴሪያ ተፈለገ፤ አልተገኘም። የሕመምተኞቹ ዓይነ ምድር ግን በብርድ ተጠብቆ ተቀመጠ።

አራት ዓመት አለፈ። በ1972 አልበርት ካፒኪያን የተባለው በአሜሪካ የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ ሐኪም አንድ ብልሃት አሰበ። ከበሽታው የዳነ ሰው ደም ውስጥ በሽታውን የሚከላከል ንጥረ ነገር ይኖራል፤ ይህም ንጥረ ነገር ቫይረሶቹን እያያዘ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ የዳነውን ሰው የደም ውሃ ከኖርዎኩ ናሙና ጋር ቀላቅሎ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ አንድ በአንድ ሊለዩ የማይችሉት ጥቃቅን ነገሮች ተሰብስበው ታዩት። እያንዳንዳቸው 27 ናኖሜትር ነበሩ፤ ይህም ማለት 37 ሺሕ ያህሉ ቢሰለፉ የአንዲት ሚሊሜትር ርዝመት ይሞላሉ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት በ1973 ስቲቨን ፋይንስቶን ከካፒኪያንና ከሮበርት ፐርሴል ጋር ሆኖ በዚሁ ብልሃት የሄፓታይተስ ኤን ቫይረስ አየ። የሌሊቷ ወፍ ከክስ ነጻ የወጣችው በእነዚህ ዓመታት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የኖርዎኩ ቫይረስ ዛሬ «ኖሮቫይረስ» ይባላል። ሰውን ለማሳመም ከሃያ የማይበልጡ ቅንጣቶች ሊበቁ እንደሚችሉ ተገምቷል፤ አንድ ሕመምተኛ ግን በቢሊዮን የሚቈጠሩትን ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ግምት በምግብ ምክንያት በዓመት 600 ሚሊዮን ሰው ይታመም፣ 420 ሺሕ ሰው ይሞት ነበር። ከታመሙት መካከል በኖሮቫይረስ የተያዙት ብቻ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

አሁን ከእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ወደሚበልጠው እንሻገር። ይኸውም በ1988 በቻይና አገር በሻንጋይ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ ዘመን ከ12 ሚሊዮን ያላነሰ ሰው የሚኖርባት ይህች ከተማ፣ በክረምት ወራት በዛጎል የሚኖር አንድ የባሕር እንስሳ መብላት ትወድ ነበር። አበሳሰሉ ግን አበሳሰል አይባልም። እንስሳው በፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይጠለቃል፤ ዛጎሉ ሲከፈት ይወጣና ደሙ ሳይደርቅ፣ ሥጋው ሳይጠና ይበላል። ብዙ ቢፈላ ጣዕሙ ይጠፋል ይላሉ። በ1987 መጨረሻ ገደማ ቺዶንግ ከሚባል የባሕር ዳርቻ እጅግ ብዙ ምርት ወደ ከተማው ገባ። ዋጋው ረከሰ፤ ሁሉም ገዛ፤ ሁሉም ቤተ ሰቡን ሰብስቦ በላ። ባሕሩ ግን የሰው ፍሳሽ የሚደርስበት ነበር።

ሄፓታይተስ ኤ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ እስኪታይ ድረስ አንድ ወር ያህል ይቈያል። ስለዚህ በታኅሣሥ የበላው በጥር ታመመ። ሕመምተኛው በመቶ፣ በሺሕ፣ በአሥር ሺሕ እየሆነ ሄደ። ሆስፒታሎቹ ሞሉ፤ ትምህርት ቤቶች፣ ፋብሪካዎችና ሆቴሎች ሕመምተኛ ማስተኛ ሆኑ። እስከ መጋቢት ድረስ የተቈጠረው ሕመምተኛ ወደ 300 ሺሕ ደረሰ። በአሥሮች የሚቈጠሩ ሰዎችም ሞቱ። የከተማው አስተዳደር የእንስሳውን ሽያጭ ከለከለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በብዛት የታመሙት ሕፃናት ወይም ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ ከ20 እስከ 39 ዓመት የሆናቸው ጐልማሶች ነበሩ። ምክንያቱ ይህ ነው። ሄፓታይተስ ኤ ሕፃን ልጅ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ያልፋል፤ ልጁም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ዳግመኛ አይያዝም። ንጽሕና በጐደለበት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ሳያውቀው ታሞ ድኗል። የሻንጋይ ሽማግሌዎች እንዲህ ያሉ ነበሩ። ከተማው ሲሻሻል፣ ውሃው ሲጣራ ያደጉት ልጆች ግን በሽታውን ሳያውቁት ጐለመሱ። በኋላ ባንድ ማዕድ አገኛቸው፤ ጐልማሳን ሲይዝ ደግሞ አብዛኛውን ቢጫ ያደርጋል፤ ይጥላልም።

ከተማ ግማሽ መንገድ ድረስ ሲጸዳ አደጋው አይቀርም ማለት ነው። ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ፍሳሹ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ከሆነ፣ ያ ወንዝም ሰላጣና ቈስጣ የሚያጠጣ ከሆነ፣ ቈሻሻው ዞሮ በገበታ ይመለሳል። በአገራችንም ቀደም ሲል በተደረጉ ምርመራዎች አብዛኛው ሰው ሄፓታይተስ ኤን በልጅነቱ እንደሚያልፈው ታውቋል። በከተማ በተሻለ ኑሮ የሚያድጉት ልጆቻችን ግን እንደ ሻንጋይ ጐልማሶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። የኑሮ መሻሻል የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የከተማውም ፍሳሽ አብሮ ካልተሻሻለ ሙሉ አይሆንም። ለሄፓታይተስ ኤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ክትባት መኖሩንም ማስታወስ ይጠቅማል።

ከሻንጋይ ወዲህ ያለው ታሪክ ደግሞ ምግብ ሩቅ መንገድ መጓዙን ያሳያል። በ2003 በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ በአንድ ምግብ ቤት የበሉ ከ600 ያላነሱ ሰዎች ሄፓታይተስ ኤ ይዟቸው ሦስት ሞቱ፤ ምክንያቱ ከሜክሲኮ የመጣ፣ ሳይበስል የቀረበ አረንጓዴ ሽንኩርት ነበር። በዚያው ዓመት በጃፓን ጥሬ የአጋዘን ሥጋ የበሉ ሰዎች በሄፓታይተስ ኢ ታመሙ፤ ከማቀዝቀዣ የተገኘው የሥጋ ትራፊ ሲመረመርም በሕመምተኞቹ ውስጥ ያለው ቫይረስ ተገኘበት። በ2012 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን 11 ሺሕ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹም የትምህርት ቤት ልጆች፣ በኖሮቫይረስ ታመሙ፤ ከቻይና በበረዶ ተጠብቆ የመጣ እንጆሪ በልተው ነበር። ብርድ ቫይረስን አይገድልም፤ እንዲያውም ይጠብቀዋል።

የጃፓኑን ታሪክ የሰማ አንባቢ ስለ ጥሬ ሥጋችን ሊጠይቅ ይችላል። ሄፓታይተስ ኢ በተለይ የሚታወቅባቸው እንስሳት አሳማ፣ የዱር አሳማና አጋዘን ናቸው። የበሬ ጥሬ ሥጋ የታወቀው እንግዳ ኮሶ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሥጋውን የሚቈርጠው እጅና የሚቈረጥበት ቢላዋ የማን እንደሆነ፣ በምንስ እንደታጠበ መጠየቅ ለሥጋ ቤትም ሆነ ለሰላጣ አቅራቢ እኩል የሚገባ ጥያቄ ነው።

ውድ አንባቢዎች፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው።

አንደኛው እሳት ነው። በወተት የሚመጣውን ፖሊዮ ያጠፋው፣ በሻንጋይም ቢኖር ኖሮ ሦስት መቶ ሺሕ ሰው የሚያድነው በሚገባ ማብሰል ነበር። ነካ አድርጎ ማውጣት አይበቃም፤ ምግቡ እስከ መካከሉ ድረስ መፍላት አለበት። ሎሚና ኮምጣጤ የእሳትን ሥራ አይሠሩም።

ሁለተኛው የእጅ ውሃ ነው። ከማዕድ በፊት ለእንግዳ የእጅ ውሃ ማፍሰስ በአገራችን የቈየ ጨዋነት ነው። ይህ ልማድ የሊቃውንት ምስክርነት ያገኘ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሳሙና ይጨመርበት። ውሃው የሚፈስ መሆኑ በራሱ መልካም ነው፤ ባንድ ሳሕን ውሃ ብዙ ሰው ቢታጠብ ግን የመጀመሪያው ሰው ያወረደውን የመጨረሻው ያነሣዋል። ከምግብ በፊት ብቻም ሳይሆን ከመጸዳጃ ቤት በኋላ መታጠብ ዋናው ነገር ነው። አልኮል ያለበት ፈሳሽ ለኖሮቫይረስ ብዙም አይበረታም፤ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ይሻላል። ሕመምተኛ ያስመለሰበት ስፍራም በበረኪና ይታጠብ። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን ማንም አይክድም፤ ፍቅሩ ሙሉ የሚሆነው ግን የሚያጐርሰው እጅ ንጹሕ ሲሆን ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ይኸውም ምግብ የሚሠራው ሰው ዕረፍት ነው። በሄፓታይተስ ኤ የተያዘ ሰው ቫይረሱን በብዛት የሚያወጣው ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ ስለዚህ እጁን ዘወትር እንዲታጠብ ማድረግ እንጂ ሲታመም ብቻ መጠንቀቅ አያድንም። ቢጫ ከሆነም በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ከማድ ቤት መራቅ አለበት። የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሰውም ምልክቱ ከቆመለት በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ መንካት የለበትም። ነገር ግን ያልሠራበት ቀን የማይከፈለው ወጥ ቤት ወይም አስተናጋጅ ምን ያደርጋል? ሕመሙን ደብቆ ይመጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ሆኖም የሚደብቀው ስለሚፈራ ነው፤ የሚፈራውም የልጆቹ እንጀራ እንዳይቀር ነው። በሁለት ቀን ደመወዝ የቈጠቡት አሠሪዎች በዚያ ሰው እጅ የበሉ መቶ ሠራተኞች ለሳምንት ሥራ ሲፈቱ ምን እንዳተረፉ ይቈጥሩት።

ይህን ንግግር በተለይ ለመንግሥት ሠራተኞች የምናቀርበው ስለዚህ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ክበብ ውል የሚፈርም፣ የውሃ ማጠራቀሚያው እንዲታጠብ የሚያዝ፣ የሳሙና ወጪ የሚያጸድቅ፣ የሕመም ፈቃድ የሚሰጥ ከመካከላችሁ አለ። ሳሙና የሌለበት የእጅ መታጠቢያ፣ ውሃ የማይወርድበት መጸዳጃ ቤት፣ ታሞ ሳለ ወጥ የሚያወጣ ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚያልፉ ጕዳዮች ናቸው። በዴልሂ ክሎሪን የጨመሩት መሐንዲሶች ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚያውቁትን ጠላት ተዋግተው የማያውቁት አልፎባቸዋል። እኛ ግን የዚህን ጠላት ስሙን፣ መጠኑንና መንገዱን አውቀነዋል።

የሌሊት ወፍ በጣራችን ሥር ትብረር፤ እስከ ዛሬ በስሟ ለተጠራው በሽታ ተጠያቂ አይደለችም። መጠየቅ ያለበት ውሃችን፣ ምድጃችንና እጃችን ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤታችሁ ለምሳ ስትነሡ በመታጠቢያው ላይ ሳሙና መኖሩን ተመልከቱ፤ ከሌለም ሳትበሉ የሚመለከተውን ሰው ጠይቁ።